ከበሩ ማዶ ያለችው ዝምታ

ኳ፣ ሸ፣ ቅጭ። ኳ፣ ሸ፣ ቅጭ።

በኮሌጁ የቅንብር ክፍል አንድ ኮምፒውተር ፊት ተጠጋግተው የተቀመጡት ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ሳሎኗ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ከውጭ፣ በደረጃው በኩል፣ አንድ ሰው እየወጣ ነው። አንድ እግሩ ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል፣ ከዚያ አንዳች ነገር ብረት ይነካል። ሰውየው አይታይም። ኮቴው ብቻ ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ልብ የምታቆመው ያቺ ጸጥታ ናት። ተዋናይቷ ስክሪኑ ላይ ያለችው ራሷ መሆኗን ረስታ የጎኗን ልጅ ክንድ ጨመደደች።

«ጆሮ፣ አንቺ ጉደኛ ነሽ» አለ ዳይሬክተሩ። «ይሄን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ሰፈራችን ያለ አንድ ሰውዬ ነው» አለችና የማይክራፎኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

ውሸት አልነበረም። አባቷም የሚኖረው ሰፈራቸው ነው።

«ጆሮ» ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ብዙ አታወራም፤ ነገር ግን የታችኛው ፎቅ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ሰምታ ቀረጻ የምታስቆም እሷ ብቻ ናት። ዳይሬክተሩን ደግሞ «ቁረጥ» ይሉታል፤ በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ካሜራው ሳይከፈት ነው «ቁረጥ» ብሎ የጮኸው። አባቷ ይህን የሰማ ለት «ስሙ ቁረጥ ከሆነማ እኔ ጋ ነው መሥራት ያለበት» ብሎ ሳቀ። አባቷ ጸጉር አስተካካይ ነው።

ግራ እግሩ ከቀኙ ያጥራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። በግራው ሶሉ የወፈረ ጫማ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ውሎ ሲመለስ ያ እግር ይከብደውና ደረጃው ላይ ይጎተታል። በእጁ የብረት መደገፊያውን ይይዛል፤ እርምጃ ባነሳ ቁጥር የጋብቻ ቀለበቱ ብረቱን ነካ ያደርጋል። ኳ ቀኙ ነው፣ ሸ ግራው፣ ቅጭ ቀለበቱ። ጆሮ ልጅ ሳለች ይህን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ወደ በሩ ትሮጥ ነበር። ኮቴው በሩ ጋ ደርሶ ጸጥ ሲል፣ እግሩን አሞት ማረፉ ነው ብላ፣ ሳያንኳኳ ትከፍትለታለች።

ባለፈው መንፈቅ መምህርቷ «ቤታችሁን የሚያስታውሳችሁን ድምጽ ቀድታችሁ አምጡ» ብለው ነበር። አንዱ የእህቱን ሳቅ፣ ሌላው የሚንተከተክ ድስት ይዞ መጣ። ጆሮ ማይክራፎኗን ከበሩ ሥር ደብቃ የአባቷን አመጣጥ ቀዳች። ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስረዳቱ ግን አሳፈራትና በምትኩ የዝናብ ድምጽ አስረከበች። የአባቷ ድምጽ ኮምፒውተሯ ውስጥ «ኮቴ» ተብሎ ቀረ።

ዘንድሮ የቡድናቸው ሥራ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሆነ። የጻፈው ቁረጥ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ጭር ያለ ሕንጻ፣ የሚቀርብ ገዳይ። ገዳዩ ጽሑፉ ላይ ስም የለውም፣ «አንካሳው» ነው የሚለው። መምህርቷ እንዲህ ባለ ፊልም ፍርሃት ከዓይን በፊት በጆሮ ይገባል ይሉ ስለነበር፣ ቁረጥ ገዳዩን በኮቴው ብቻ ሊያመጣው ፈለገ። ተዋናዩ እያነከሰ ቢወጣ ቢወርድ ግን ጫማ የጠበበው ሰው እንጂ ገዳይ አልሆነም። ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ደረጃው ላይ በተዘረጉበት ነው ጆሮ፣ አምልጧት፣ «እኔ ጋ አንድ ነገር አለ» ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሥራ ሆነ። ኮቴውን ቆራረጠችው፣ አጎላችው፣ ባዶ ደረጃ ውስጥ እንዲያስተጋባ አደረገችው። አንድ ቀን ስለ መብራቱ ሲማከሩ «አንካሳው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ይጥፋ» አለች። ቃሉ ከወጣ በኋላ ጣዕሙ አፏ ውስጥ ቀረ። ቤታቸው ውስጥ ያ ቃል ተነግሮ አያውቅም። የከለከለው ሰው ኖሮ ሳይሆን፣ ማንም ፈልጎት ስለማያውቅ ነው።

መምህርቷ ረቂቁን አይተው ከሁሉም ድምጹን አመሰገኑ። ፊልሞቹ በዓመቱ መጨረሻ በኮሌጁ አዳራሽ ለቤተሰብ ይታያሉም አሉ። ጆሮ ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር፤ ኮሌጁ ለወላጆች በስልክ መልእክት ልኳል። አባቷ ሱፉን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ወንበር ላይ ሰቅሎታል፤ ሱቁ ለገባ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ፊልም ሠራች» እያለ ሲነግር ነው የዋለው።

«ጸጉር ያለው ሁሉ ሰምቷል» አለች እናቷ። «የቀረው ራሰ በራ ብቻ ነው።»

ጆሮ አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። አዳራሹ ታያት። መብራቱ ጠፍቶ፣ አባቷ በሱፉ ተቀምጦ፣ ከግራም ከቀኝም ሰው በፍርሃት ሲሸማቀቅ፣ ያ ኮቴ ሲመጣ። እናቷ በመጀመሪያው ኳ ታውቀዋለች። እሱስ?

በማግስቱ ቁረጥን ለብቻው አግኝታ ድምጹን እንቀይር አለችው። ቀልድ መሰለው። ድምጹ እኮ ፊልሙ ማለት ነው አላት፤ መምህርቷም ያሞገሱት እሱን ነው፤ እሱ ከወጣ የሚቀረው አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ቁጭ ስትል ብቻ ነው።

«ለምንድነው የሚያነክሰው?» አለች።

«ማን?»

«ገዳዩ።»

ቁረጥ ጥያቄው አልገባውም። «ልብ አንጠልጣይ ነዋ። ወይ ጠባሳ ይኖረዋል፣ ወይ አንድ ዓይና ይሆናል፣ ወይ ያነክሳል። ሰው ገና ሲሰማው ክፉ መሆኑን ማወቅ አለበት። ፊልሙ አጭር ነው፣ ለማስረዳት ጊዜ የለንም።»

«ምን አደረገና ነው ክፉ የሆነው?»

«ይገድላላ።»

«የሚገድለው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ደረጃ ነው የወጣው።»

ቁረጥ ነገር እያከረረች መሆኗን፣ ፊልም ፊልም መሆኑን፣ ማንንም እንደማይነካ ነገራት። የአባቴ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «እሺ» ነው።

እሁድ ከሰዓት ሱቁ ዝግ ነው። አባቷ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቷል። ጆሮ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጀው የሰነበተችው ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ ሲደርስ ጠፋባት። የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለችው።

«አባዬ፣ ይቺን ስማት።»

ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ዝምታዋ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ገለጠ።

«ያስፈራል?» አለችው።

«ያስፈራል እንጂ» አለ፣ እንዳይከፋት ብሎ። ከዚያ ትንሽ አሰበ። «ሰውዬው ግን ደክሞታል።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ቆሞ የዋለ ሰው ነዋ፣ አትሰሚውም? ማነው?»

ዓይኗ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ጫማዎች ላይ አረፈ፤ የአንዱ ሶል ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን። አባቷም ዓይኗን ተከትሎ አያቸው። ሰው የራሱን ፊት በመስታወት ያያል፤ አረማመዱን የሚያሳየው መስታወት ግን የለም። ማዳመጫውን መልሶ አደረገና ከመጀመሪያው ሰማ። በዚህኛው ዙር በአውራ ጣቱ ቀለበቱን ያዞር ነበር።

«እና ገዳዩ እኔ ነኛ» አለ።

ሁሉንም ነገረችው። የቤት ድምጽ አምጡ መባሉን፣ ማፈሯን፣ ደረጃው ላይ አምልጧት ያለችውን። አባቷ ሳያቋርጥ ሰማት፤ ከዚያ ሰውዬውን ፊልሙ ላይ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት ብሎ ጠየቀ። ወለሉን እያየች ቃሉን ነገረችው።

ራሱን ነቀነቀ። «ልጅ ሆኜ ስሜ ነበር» አለ።

ይህን ነግሯት አያውቅም። ዕንባዋ ሲመጣ ግን እሱ ሌላ ነገር ላይ ደርሶ ነበር።

«በሩ ጋ ያለችዋስ ዝምታ? እዚያ ምን እየሠራሁ ነው?»

«ቢላዋ እያወጣህ።»

አባቷ ከሆዱ ሳቀ።

«እኔ እኮ» አለች «እግርህን አሞህ የምታርፍ ነበር የሚመስለኝ።»

«ደረጃው ካለቀ በኋላ ምን ያሳርፈኛል። ፊቴን እያስተካከልኩ ነው። የሰው ሳስተካክል ውዬ የራሴን እዚያች አስተካክላለሁ። ስንት ነገር ተሸክሜ እመጣለሁ መሰለሽ፤ ይዤው እንዳልገባ ነው። አንቺ ደግሞ እየቀደምሽ ትከፍቺና ግማሽ ጸጉሩን እንደተቆረጠ ሰው ታስገቢኛለሽ።»

ጆሮ አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ የዝናብ ድምጽ እተካበታለሁ አለች። አባቷ አልተስማማም። ድምጹ ጥሩ ነው፣ ማስገደሉ ነው ያልጣመኝ አላት። እንግዲያው ሴትዮዋን የሚያድናት እሱ ይሁን ስትለው ደግሞ ፊቱን አጨማደደ።

«እሱንም አልፈልግም። ክፉ አደረጋችሁኝ፣ አሁን ደግሞ መልአክ ልታደርጉኝ። ቤቱ የሚገባ ሰው አድርጊኝ። ቁልፉን የረሳ።»

ሰኞ ጠዋት ቅንብር ክፍል እንደገባች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ኮቴው የአባቴ ነው» አለችው ቁረጥን። የልጁ ፊት ተለዋወጠ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየ። ይቅርታ ሊል ነው ስትል «ታዲያ ማን ይግደል?» አለ።

አብረው ተቀመጡ። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ መፍቻ ሊዋስ የሚመጣ ሳቂታ ጎረቤት አለ፤ ገብቶ ሲወጣ ግን አይታይም። ጆሮ ካልወጣስ አለች። ጫማውን አውልቆ ጓዳ ውስጥ ቢሆንስ? ድምጽ የሌለው እሱ ነው። ሴትዮዋ የደረጃውን ኮቴ ሰምታ፣ ፈርታ፣ በሩን በመቀርቀሪያ ትዘጋለች፤ ከማን ጋር እንደተዘጋች አታውቅም። ኮቴው በሩን አልፎ ይሄዳል።

ቁረጥ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄማ ይበልጣል» አለ፤ ደጋግሞ አለው። ለአባቷ ብሎ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ለፊልሙ ብሎ ነው። ይሁን አለች በልቧ።

የቀረው፣ ቁልፍ የረሳውን ሰውዬ መቅረጽ ነበር። አባቷ ሱቁን ለረዳቱ ትቶ መጣና የሽንኩርት ፌስታል ይዞ ደረጃውን ይወጣ ጀመር። ቁረጥ በየመሀሉ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉ» ይላል። በመጨረሻ አባቷ መደገፊያውን ይዞ ቆመ።

«ልጄ፣ ከዚህ የበለጠ ቀስ ካልኩ ወደ ታች መሄዴ ነው።»

የፊልሙ ቀን አዳራሹ ሞላ። ጆሮ ከአባቷና ከእናቷ መሀል ተቀመጠች። ኳ፣ ሸ፣ ቅጭ። አዳራሹ ተሸማቀቀ። እናቷ ወደ ባሏ ዞር አለች፣ መልሳ ወደ ስክሪኑ። ከዚያ ከኋላቸው አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ተሰማ። «መጣ፣ አንካሳው መጣ።»

ፊልሙ ውስጥ ያ ቃል አልነበረም። ጆሮ ራሷ ነበረች ፈልጋ ያወጣችው። ሴትዮዋ ከቤቷ ይዛው መጥታለች። የአባቷ አውራ ጣት ቀለበቱን ማዞር ጀመረ። ስክሪኑ ላይ መቀርቀሪያው ተዘጋ። ኮቴው በሩን አለፈ፤ ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ከጎን ባለው በር ፊት ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል፤ የደረት ኪሱን፣ የሱሪውን፣ እንደገና የደረቱን። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ። በሳቁ መሀል፣ በተዘጋው ቤት ውስጥ፣ ካልሲ ያደረገ እግር ምንጣፍ ላይ አረፈ። ድምጽ አልነበረውም። ሳቁ እየቆየ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሞተ። ከኋላቸው ያለችው ሴት ዳግም አላንሾካሾከችም።

መምህርቷ ኋላ ላይ ሳቁ ፍርሃቱን አላልቶታል፣ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተመልካቹን እዚያ ቦታ መልቀቅ የለበትም አሉ፤ የቡድኑም ነጥብ ከተጠበቀው አነሰ። ቁረጥ አኮረፈ። ጆሮ ስለ ነጥቡ ብዙ አላሰበችም፤ ስለ ሴትዮዋ ግን አሰበች። ዝም ማለቷ አፍራ ይሁን ፈርታ አላወቀችም።

በሳምንቱ አንድ ቀን፣ ወደ ምሽት፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን እያነበበች ነበር። ከታች ተጀመረ። ኳ፣ ሸ፣ ቅጭ። እግሯ ሳታዘው ተነሳ። በሩ ጋ ደርሳ እጇን እጀታው ላይ አደረገች። ኮቴው የመጨረሻውን ደረጃ ወጣና ጸጥ አለ።

እጇን አነሳች። በአንድ ጣውላ ተለያይተው ቆሙ። ማዶ አንድ ረዥም ትንፋሽ ወጣ፣ ጉሮሮ ተጠረገ፣ የኮት አንገት ተስተካከለ። ለካ ብዙ ሥራ ነበረው። ጆሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ከዚያ ተንኳኳ።