የሚኒባሷ የክርስትና እናት

ኔሜሲያ ዋልፓ ሚኒባሷን የሰረቃትን ሰውዬ አመስግናዋለች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ማመስገን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ምሳዋንም ሰጥታዋለች። የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላልና የተጠበሰ የሐይቅ ዓሣ እናቷ በሸመነችላት ቀይ ጨርቅ እንደተቋጠረ፣ "ይያዙት ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ይርብዎታል" ብላ በመስኮቱ አቀበለችው። ተሳፋሪዎቿም አጨበጨቡለት። በሉ እንግዲህ፣ ሌባ ምሳ ተቋጥሮለት፣ ተጨብጭቦለት ሲሸኝ የት አገር ታይቷል!

ነጯን ሚኒባስ የገዛቻት ኤል አልቶ ገበያ ላይ ሾርባ ሸጣ ነው። ባሏ ልብስ ሊሰፋ ሳኦ ፓውሎ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷም አልፈለገችውም። መንጃ ፈቃድ አውጥታ የኮፓካባና መስመር ተራ የገባች ቀን ሾፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ሾርባው መሪው ላይ እንዳይደፋብሽ!" አሏት።

"የኔ ሾርባ ቢደፋ ይጠረጋል፤ እናንተ የምትደፉት ተሳፋሪ ነው" አለቻቸው። አፍ እንደሆን አልነፈጋትም። ያቺ ሚኒባስ እንግዲህ እንጀራዋ ብቻ ሳትሆን ለዚያ ሁሉ ሳቅ የሰጠችው መልስ ነበረች።

ያን ዕለት ዋሪና ላይ ለምሳ ቆመው፣ ተሳፋሪው ዓሣውን በልቶ እጁን ጠርጎ ተነሡ። ወደ ቲኪና የሐይቅ መሻገሪያ ሊወርዱ ትንሽ ሲቀራቸው ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ጭጭ አለ። ኔሜሲያ ኮፈኑን ከፈተች፣ ካንዴላዎቹን ነካካች፣ ሰደበችው፣ ለመነችው። ምንም። ገና ላቧን ሳትጠርግ ከኋላ አንድ ጎታች መኪና መጥቶ ቆመ። ግንባሩ ላይ በትልቁ "እመቤቴ ትመራኛለች" ተብሎ ተጽፎበታል። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ወረደ፤ ወፍራም፣ ፊተ ብርሃን፣ ትሑት ሰው።

"አይዞዎት እናቴ። እኔ እያለሁ መንገድ ላይ አይቀሩም።"

"ማን ጠራህ?"

"እመቤታችን ናታ!" አለና አማተበ።

እውነቱን ለመናገር ይሄ መልስ ነው ያሸነፋት። ጋራዡ ከመሻገሪያው ማዶ ነው አላት፤ የአጎቱ ልጅ ጋራዥ፣ ሐቀኛ ሰው። የሚኒባሷን አፍንጫ አንስቶ ከኋላው አሰራት፤ ተሳፋሪዎቹም እየገፉ አገዙ። በጨርቅ የተቋጠረውን ምሳ የሰጠችውም ያኔ ነው።

ቲኪና ላይ መኪና በጣውላ ጀልባ፣ ሰው በሞተር ጀልባ ነው የሚሻገረው። ከመኪናው ጋር የሚቀረው ሾፌር ብቻ ነው። ኔሜሲያ ይህን ውኃ ሺ ጊዜ ተሻግራዋለች፤ ሁልጊዜ ግን መሪዋን እንደያዘች። አሁን ሚኒባሷ የሰው ጭነት ሆነች፤ እሷም ተሳፋሪ። እንደ ደንቡ ወርዳ፣ ከሰው ጋር ጀልባ ላይ ተሳፍራ፣ ለሚኒባሷ እጇን እያውለበለበች ተሻገረች።

ማዶ ቆማ ጠበቀች። የመጀመሪያው ጣውላ ቢራ የጫነ መኪና ይዞ መጣ። ሁለተኛው በግ። ሦስተኛው የሙዚቀኞች አውቶቡስ፤ ከበሮው ጣራው ላይ ታስሯል። ቀጣዩ ጣውላ ባዶውን መጣ።

"ምናልባት ሰጥሞ እንዳይሆን" አሉ አንድ ተሳፋሪ።

"በሰጠመ!" አለች ኔሜሲያ። ከልቧ ነው። መስጠም አደጋ ነው፤ ይሄ ግን ውርደት ነው። ሰውዬው ጣውላው ላይ አልወጣም። እሷ እጇን ስታውለበልብ እሱ መኪናውን አዙሮ በመጣበት ተመልሷል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ፖሊሱ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማት።

"መኪናዋ አሁን የት ነው ያለችው?"

"ተሰርቃለች እኮ ነው የምልህ!"

"እሱማ ገብቶኛል። ግን የሞተር ቁጥሯን በዓይኔ ሳላይ እንዴት ብዬ ጠፋች ልበል? አምጫትና ወዲያው እንመዘግባለን።"

"ካመጣኋትማ ምኑን አስመዘግባለሁ?"

"አየሽ" አላት ደስ ብሎት፣ "አሁን ተግባባን።"

የመስመሩ ማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ አዘነላት፤ እያዘነ፣ እስከ ሰኞ መኪና ካላቀረበች ተራዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት። ሾፌሮቹ አልሳቁም። እሱ ባሰ። ቤቷ ገብታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

ቅዳሜ ማለዳ ከእመቤታችን ጋር ልትጣላ በሰው መኪና ወደ ደብሯ፣ ኮፓካባና ወረደች። ሚኒባሷን ገና እንደገዛቻት ያስባረከቻት እዚያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ታዲያ ባርካ ስታበቃ ለሌባ አሳልፋ ትሰጣለች? ይሄ ሊጠየቅ ይገባል። በሩ ላይ እንደ ወትሮው መኪኖች ተሰልፈዋል፤ አበባ ተጎንጉኖባቸዋል፣ ባለ ቀለም ወረቀት ለብሰዋል፣ ጣራቸው ላይ የአበባ ባርኔጣ ደፍተዋል። ኔሜሲያ እያጉተመተመች በሰልፉ መሃል ስታልፍ፣ ከአንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ መስኮት የሴት ቀሚስና ሁለት እግር ወጥቶ ሲንፈራገጥ አየች።

"ማነህ ባክህ፣ ግፋኝ!" የሚል የአሮጊት ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። "በሩ አልከፈት ብሎን እኮ ነው!"

ኔሜሲያ መጀመሪያ እግሮቹን ይዛ አሮጊቷን ወደ ውጭ ሳበቻቸውና አቆመቻቸው። ቀጥሎ ምንም ሳታስብ የበሩን እጀታ ወደ ላይ አነሣች፣ ከታች በዳሌዋ መታ አደረገች፣ ጎተተች። ሸርተት ብሎ ተከፈተ።

ያኔ ነው በሩን ደግማ ያየችው። ይህን በር በዓለም ላይ በዳሌዋ የምትከፍት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሰማያዊው ቀለም ጠርዙ ላይ ተልጦ ነጩ ይታያል። ሁለተኛው ወንበር ላይ በገዛ እጇ ከአሮጌ መጋረጃ ቆርጣ የለጠፈችው አረንጓዴ ጨርቅ አለ።

አሮጊቷ፣ እማማ ቢቢያና ይባላሉ፣ በሩን አዩ። ቀጥለው እሷን አዩ።

"ልጄ ይህን በር ሳምንቱን ሙሉ በመዶሻ ታግሎታል" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ በዳሌሽ ከፈትሽው።"

ኔሜሲያ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም። እማማ ቢቢያና ከጀርባቸው ጥቅል ውስጥ የታጠበና የታጠፈ ቀይ ጨርቅ አወጡ።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የእናቴ ሥራ ነው።"

"ያን ቀን ካሲሚሮ ራቱን አልበላም አለ። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ምሳዋን ሰጠችኝ አለኝ። ለምን ሰጠችህ ብለው ዝም። እኔ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ሲያወራ ይዋሻል፣ ዝም ካለ ግን እውነት አለበት። መጎተቱን ትቼ ሰው ላመላልስ ነው፣ መኪና ገዛሁ ብሎኝ ነበር።"

አደባባዩ ጥግ አንድ ፖሊስ ፈንዲሻ እየገዛ ነው። ኔሜሲያ ወደ እሱ ዞረች። የእማማ ቢቢያናም ዓይን ተከተላት።

"ጥሪው። መብትሽ ነው። ግን ማስረጃ ናት ብሎ ግቢው ያስገባታል። እዚያ ግቢ የገባች መኪና ዶሮ ሲፈለፈልባት እንጂ ስትወጣ አላየሁም።"

ይሄ ውሸት አልነበረም። ኔሜሲያም ታውቀዋለች።

"እና ምን ላድርግ? ልጅዎን አቅፌ ልሳመው?"

"የክርስትና እናት ሁኚ።"

"የማን?"

"የመኪናዋ! ለክርስትና አባትና እናትነት የታሰቡት ባልና ሚስት መንገድ ላይ ተበላሽተው ቀሩ፤ ካሲሚሮ ሊጎትታቸው ሄዷል። ካህኑ ደርሰዋል፣ ያለ ክርስትና እናት አትባረክም። አንቺ ከሆንሽ አበልጁ ነሽ። ከአበልጁ የወሰደውን ይመልሳል፣ ሳይወድ በግዱ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ አበልጅሽን አትከሺም።"

"ሌባ እኮ ነው እማማ!"

"ሌባ ነው" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ቢሆንም አበልጁን የሚሰርቅ ልጅ አልወለድኩም። ይቺን አንዲቷን እንኳ ተዪልኝ።"

ካህኑ የውኃ ባልዲያቸውንና የአበባ መርጫቸውን ይዘው ደረሱ።

"የክርስትና እናት ማናት?"

ኔሜሲያ ፖሊሱን አየች፣ አፉን ፈንዲሻ ሞልቶታል። ሚኒባሷን አየች። "እኔ ነኝ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ወደ እማማ ቢቢያና ጆሮ ጎንበስ አለች። "ከዚህ በፊት ተባርካለች እኮ። ሁለት ጊዜ ኃጢአት አይሆንም?"

"ቀለሟ አዲስ ነው" አሉ አሮጊቷ።

ውኃው ተረጨ። እንደ አገሩ ወግ ጎማዎቹ ላይ ቢራ ፈሰሰ። ካህኑ ቁልፉን ባርከው፣ እንደ ደንቡ ሞተሩን መጀመሪያ ለምታስነሣው ለክርስትና እናት ሰጡ። ኔሜሲያ ቁልፉን በጭብጧ ውስጥ አጥብቃ ያዘችው፤ መዳፏን እስኪያማት።

ጎታቹ መኪና ያኔ መጣ። ካሲሚሮ ከላይ እስከ ታች በላብ ርሷል። የተባሉት ባልና ሚስት መኪናቸውን አላስነካም ብለውት ኖሯል፤ በዚህ መንገድ ላይ ጎታች ነኝ እያለ የሚሰርቅ ሌባ አለ ሲባል ሰምተዋል። ጠዋቱን ሙሉ ሌባ አይደለሁም እያለ በእመቤታችን ሲምል ነው የቆየው። ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀና ሲል ኔሜሲያን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ካሲሚሮ" አሉ እናቱ፣ "አበልጅህን ሰላም በል።"

ሰውዬው እናቱን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ እርጥቡን ሚኒባስ አየ። ሁሉም ገባው። ጎንበስ ብሎ የኔሜሲያን እጅ ሳመ።

"እንደምን... እንደምን ዋሉ አበልጄ።"

"ደኅና ነኝ አበልጄ። ለመሆኑ በሽታዋ ምን ነበር?"

"ድንች ነው።"

"የምን ድንች?"

"ማርሚታዋ ውስጥ፣ ጭስ መውጫው ላይ። እናንተ ዓሣ ስትበሉ እኔ ነኝ የወተፍኩት።"

ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ደግሞ አናደዳትና ባርኔጣውን ከእጁ ቀምታ በእሱው መታችው። ያየ ሰው ሁሉ የሞቀ ዝምድና ነው ብሎ ፈገግ አለ።

እማማ ቢቢያና ፈረዱ። ጎታቹ እዚያው ይቆማል፤ ካሲሚሮ አሁኑኑ ኤል አልቶ ሄዶ ሚኒባሷን በገዛ እጁ ነጭ ይቀባል፣ እሳቸውም ቆመው ያያሉ። መጨረሻው ወንበር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

ቲኪና ሲደርሱ ጠባቂው መርከበኛ መስኮቱን አንኳኳ። "ተሳፋሪ ይውረድ!"

ካሲሚሮ ወረደ። እናቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። "እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም፣ ዘመድ ነኝ" አሉት መርከበኛውን። እሱም ከአሮጊት ጋር መጨቃጨቅ ታክቶት አለፈ። ካሲሚሮ ከሞተር ጀልባው ላይ ዞር እያለ እያያቸው ተሻገረ።

ኔሜሲያ ወደ ጣውላው ልትነዳ ማርሽ ስታስገባ፣ የእማማ ቢቢያና እጅ እጇ ላይ አረፈ።

"ቆዪ እስቲ ልጄ። ምሳ እንብላ።"

ከኮፓካባና ስንቅ የቋጠሩበትን ቀይ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ድንች አለ፣ እንቁላል አለ፣ ዓሣ አለ። ከውኃው ማዶ አንድ ወፍራም ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ጣውላ ሲደርስ ይሮጣል፤ የቢራ መኪና ነው። ይመለስና ይቆማል። ሌላ ሲመጣ ይሮጣል፤ በግ ነው። አሁን ባርኔጣውን እያውለበለበ ይጮህ ጀመር። ምን እንደሚል አይሰማም።

ኔሜሲያ ያንን አቋቋም ታውቀዋለች። ድንቹ አፏ ውስጥ መረራት።

"እማማ፣ ደነገጠ እኮ። እርስዎን ይዤ የጠፋሁ መስሎት ነው።"

"ይምሰለው" አሉ። እያለቀሱ ነበር፣ እያላመጡም ነበር። "ካልሆነ አይገባውም። አንድ ጣውላ ይለፈን፣ ከዚያ እንሄዳለን።"

አንድ ጣውላ አለፋቸው። አንድ እንቁላል ተርፎ ነበር፤ እማማ ቢቢያና አገላብጠው አዩት።

"ይሄንን... ላስቀምጥለት?"

ኔሜሲያ ማዶ ማዶውን አየች። ሰውዬው መጮኹን ትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ያስቀምጡለት" አለችና ሞተሩን አስነሣች። "በእጁ ይስጡት ግን። ጨርቁን እኔ ነኝ የምይዘው።"