የተኙ ሥሮች

ሴትዮዋ የታመመች እህቷን አስታምማ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። የአበባ መደቧ የለም። አፈሩ ተገልብጦና ተደልድሎ የተጠረገ ወለል መስሏል።

ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ የቧንቧ ውሃም የሚመጣው ሲያሻው ነው። እሷ ግን ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ ሳይቀር እያጠራቀመች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጣሳ ከየሥሩ ስታንቆረቁር ነው የከረመችው። ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ጨክና ሁሉንም እስከ መሬት ድረስ ቆረጠቻቸው። ቅጠል ውሃ ይፈጃል፤ ቅጠል ከሌለ ሥሩ ባለችው እርጥበት ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ ከዚያው ሥር የሚነሡ፣ ከልጆቿ እኩል ያሳደገቻቸው አበቦች ናቸው። ይህን ሁሉ ለባሏ መንገሩን ግን ረሳች። ስትሄድ ያለችው "አበቦቼን አደራ" ብቻ ነበር።

ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው በር ላይ ብቅ አለ።

"አየሽው? ወገቤ ሊቆረጥ ነበር እኮ። የሞተውን ሁሉ አወጣሁልሽ።"

"ማን ሞተ አለህ?"

"ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው። ታዲያ ምን ልበል፣ አኩርፎ ነው?"

"ተኝቶ ነበር።" ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ሹፌሩ ይህን ድምፅ ስለሚያውቀው ከደጃፉ አልወረደም። "አንተ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ቆፍሬ አውጥቼህ አውቃለሁ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ለዚህ ሣር ብለሽ..."

"ሣር አትበለው። የት ጣልኸው?"

በአገጩ ወደ አጥሩ ጠቆማት። ሥሮቹ እንዲቃጠሉ ፀሐይ ላይ ተከምረዋል። ተንበርክካ አንዱን በጥፍሯ ላጠችው። ደርቆ እንጨት ሆኗል። ሌላውም እንዲሁ። ከክምሩ ሆድ ያወጣችው ግን ሲላጥ ውስጡ ነጭ ነው፤ ጣቷን አረጠበው።

ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ነፍስ ያለው ነገር ነው እንደ ጥራጊ የተጣለው።

"በርሜሉ ውስጥ ውሃ አለ?"

"ግማሽ ያህል። እሱ ግን የመታጠቢያችን ነው፤ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ..."

"አካፋህን አምጣ።"

"በዚህ ፀሐይ?"

"ስትነቅል ጥላ ነበር? አንተ ቆፍር፤ እኔ የተረፉትን በእርጥብ ጆንያ እጠቀልላለሁ።"

እያጉረመረመ ቆፈረ። ጥቂት ቆይቶ፣ "ነጭ የሚያብበው የቱ ነው፣ ቢጫውስ?" አለ።

ጆንያው ውስጥ ያለውን አየች። እሷም አላወቀችውም። "ስትነቅላቸው ለይተህ ነበር? ዝም ብለህ ቆፍር።"

በራሷም ተናዳለች። አንዲት ቃል ብትጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን ግን ዛሬ አትነግረውም።

ፀሐዩ ሲበርድ የተረፉትን ተከለችና ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳች ከየሥሩ አንቆረቆረች። ሹፌሩ አፈር የለበሰ እጁን ዘረጋ።

"ለእጄ እንኳ ጠብ አድርጊልኝ።"

"አራግፈው" አለችና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፈች።