የቺንጋው ክዳንና የእህቴ ልጅ

እኔ መካኒክ ነኝ። የሰውን መኪና ጠግኜ፣ የራሴን በሽቦ አስሬ የምነዳ መካኒክ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ ዛሬ ማንም ሊያናድደኝ አይችልም። እህቴ ወልዳለች! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ “ዘንድሮስ?” የሚላትን ሁሉ በፈገግታ ስትሸኝ ኖራ፣ ይኸው ወንድ ልጅ!

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ማን ቤት ይሂዱ? እኔ ክፍል ቀለም ቀብቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ እየጠበቅኩ ነው። የባሏ እናት ደግሞ “የልጅ ልጄ ከእኔ ቤት በቀር የትም አያድርም” ብለዋል። እኚህን ሴትዮ ሰፈሩ በሙሉ እማማ ጄኔራል ነው የሚላቸው፤ አንዴ ካዘዙ አለቀ። ሁለታችን ስንነታረክ እህቴ ሰለቻትና “አምስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ቀድሞ የደረሰ ይውሰደን፤ እኔ መተኛት ነው የምፈልገው!” ብላ ስልኩን ዘጋችብን።

ሦስት ሰዓት ላይ የእህቴን ባል ጭኜ ልወጣ ሞተሩን ባስነሳው፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ሞተሩ ላይ የሚሽከረከረውን የጎማ ቀበቶ፣ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ክዳን ከተሰነጠቀ መንፈቅ ሆኖታል፤ “ነገ እቀይረዋለሁ” እያልኩ በሽቦ ጠፍሬው ነበር። አሁን ሽቦው ላልቶ፣ የተሰበረው ጠርዝ ቺንጋውን እየፋቀው ነው። ቺንጋው መንገድ ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ሞተሩ አለቀለት።

“እትዬ፣ ታክሲ እንጥራ?” አለ የእህቴ ባል።

ደወልን። “እዛ ጭቃ ውስጥ አንገባም” አሉን።

“ይቅርባቸው!” አልኩ። “ክዳን መቀየር እኮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።” ግቢዬ ውስጥ ተመሳሳይ የሞተ መኪና ቆሟል፤ ክዳኑ ግን ደህና ነው።

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ከደስታው ብዛት ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ነው የሚዞረው። የተሰበረውን ክዳን ፈታሁና አምስቱን ብሎኖች “ያዝልኝ” ብዬ ሰጠሁት። ደህናውን ክዳን አውልቄ፣ ጠራርጌ ስመለስ ከተከፈተው ሞተር አጠገብ ቆሞ ብሎኖቹን በከንፈሮቹ መሃል ደርድሯቸዋል! ልብስ ሰፊ እኮ ስፒሉን የሚይዘው በአፉ ነው።

“አንተ ሰውዬ፣ አውጣ!” ልለው ስል ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። “ልጁ ሳቀ!” እያለች ትጮኻለች።

“ሳቀ?!” አለ እሱም፣ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ።

አራቱ ብሎኖች መሬት ወደቁ። አምስተኛው ቺንጋው ባለበት በኩል ቁልቁል ገባ፤ ቅጭል፣ ቅጭል አለና ድምፁ ጠፋ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

“በአራቱ እሰሪውና እንሂድ፣ እትዬ። አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል?”

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት። የመኪናውን ቁልፍ እስከ ማንሳት ደርሻለሁ። ምናልባት ብሎኑ ታች ዝም ብሎ ይቀመጥ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ቺንጋው ሥር ገብቶ መሃል አስፋልት ላይ ጉድ ይሠራናል። ብቻዬን ስሆን በምናልባት ስንቴ ነድቻለሁ! ዛሬ ግን ከኋላ የሚቀመጠው የሁለት ቀን ልጅ ነው። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

“ብሎኑ ካልወጣ ይሄ መኪና አይነሳም።”

“እማዬ ትቀድመናለች እኮ!”

“ይቅደሙና!” አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ ሆዴስ አላለም። ያ የቀባሁት ክፍል ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ።

ይሄኔ ኪሱን ዳበሰና አንዲት ማግኔት አወጣ፤ ወለል ላይ የፈሰሰ ስፒል የሚለቅምባት ናት። የልብስ መስፊያ ክር አሰረባትና ሞተሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቀስ እያለ ቁልቁል ሰደዳት። ማግኔቷ ያገኘችውን ብረት ሁሉ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። አላቀቅናት፤ ደግማ ያዘች። እሱ “ግራ!” ይላል፣ እኔ “ቀኝ!” እላለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንል ቆይተን፣ ብሎኗ ክሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ብቅ አለች። እልልታዬን አቀለጥኩት! ተቃቅፈን ዘለልን፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸብን።

አምስቱንም አጠበቅኩ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ልስልስ አለ። እየሳቅን ከነፍን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። እማማ ጄኔራል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ እቅፋቸው ውስጥ ነው፣ እህቴ ደግሞ ትከሻቸው ላይ አንቀላፍታለች። ሳቄ ጠፋ። አበቃ፣ ወሰዱት አልኩ።

“አርፍዳችኋል” አሉ።

የእህቴ ባል አንድም ሳያስቀር፣ የአፉን ጉድ ጨምሮ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ልጁን እንደታቀፉ ተነሱ። “በይ፣ ክፈችው” አሉኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ።

“ስንት ብሎን ነው ያለው?”

“አምስት ነው፣ እማማ።”

በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። “እኔን ያመጣኝ ሹፌር በሩን በገመድ አስሮት ነበር” አሉ። “እዚህ ላይማ ልጅ አልጭንም ብዬ አባረርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንቺን ነው የጠበቅኩት።”

“ታዲያ ወደ ማን ቤት ነው?”

“ወዳንቺ ነዋ። እኔም አብሬ እመጣለሁ።”

“እስከ መቼ?”

“ልጁ በእግሩ እስኪሄድ።”

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። እማማ ጄኔራል ልጁን ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ፤ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው።

“ቆሻሻ ነኝ፣ እማማ።”

“እሱም ይታጠባል፣ አንቺም ትታጠቢያለሽ። ያዢው!”

ያዝኩት። ነጩ መጠቅለያ ላይ ጥቁር ጣቶቼ ታተሙ። የሞተር ክብደት የማነሳው ሴትዮ ይህችን ቁራጭ ፍጥረት ታቅፌ፣ እዛው አስፋልት ላይ፣ እየሳቅኩ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።