የማትያዝ ድመት

ፌንጣ ያሏት ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስለምትዘል ነው እንጂ ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ ቀጭንም ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሒሳብ ውጤቷን ይዛ የመጣች ዕለት እናቷ ካርዱን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠርጋ መልሳ አደረገች። ቁጥሩ ግን ያው ነበር። እዚያው ተፈረደ፤ ዕረፍቱን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ሒሳብ።

ታላቅ እህቷ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታጠና፣ ቤት ውስጥ "ሊቋ" የምትባል፣ እርሳሶቿን እንኳ በቁመታቸው የምትደረድር ልጅ ናት። ጠዋቱን ከእሷ ጋር ከማሳለፍ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል አለች ፌንጣ። ይሄ ባልከፋ። ጣጣ ያመጣው ቀጥላ ያለችው ነው። እሷ ጌም ሠሪ ስለምትሆን ሒሳብ ምን ይሠራላታል? ኮምፒውተሩ ምን ሥራ አለው፣ እሱ ያስላ። ከፈለጉ ከሒሳብ አንዲት ፍሬ ሳትነካ ጨዋታ ሠርታ ታሳያቸዋለች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

እናቷ መቀሷን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ፣ "እሺ፣ ሠርተሽ አሳዪና" አለች።

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ጨዋታው በትክክል ከሠራ የጠዋቱ ትምህርት ይቀራል። ካልሠራ ፌንጣ ሳታጉረመርም፣ ፊቷንም ሳታጨማድድ ከሊቋ ፊት ትቀመጣለች። ዳኛው አያታቸው እንዲሆኑ ተስማሙ። አያታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆች እኩል ስለሚቆጡ ለማንም አያደሉም።

ኮምፒውተሩ ያለው እናቷ ጨርቅ በምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። ፌንጣ ከኪቦርዱ ላይ ክር እየለቀመች፣ አንዳንዴም ከነወንበሯ በገበር ጥቅልል እየተገፋች ሥራዋን ጀመረች። ጨዋታው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ድመት ዓሣ ትሰርቃለች፣ ጭልፋ የያዘች ሴትዮ ታባርራታለች። ድመቷ የቆመችበት ቦታ ሁለት ቁጥር ነው፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። የቀኙ ቀስት ሲጫን በጎኑ ቁጥር ላይ ይጨመራል፣ የላዩ ቀስት ሲጫን በሌላው ላይ። በቃ። ሊቋ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ፣ ይሄ መደመር አይደለም ወይ ብትላት፣ "መደመርማ ሒሳብ አይደለም፣ የቤት ሙያ ነው" ብላ አባረረቻት።

ሴትዮዋ ግን አስቸገረች። ድመቷን ተከትላ መሮጥ ትታ ከግድግዳ ጋር ትጋፋ ነበር። ፌንጣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ደግ ሰው ለፈለገ ሁሉ ያስቀመጠውን የማባረሪያ ኮድ አገኘችና እንደ ጎረቤት ወንፊት ተዋሰችው። ውስጡን አላየችም። ሴትዮዋ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ ቀጥ ብላ መሮጥ ስትጀምር የፌንጣ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

የፍርዱ ቀን አያቷ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሁለት አውራ ጣቶቻቸውን በሁለት ቀስቶች ላይ ጫን አደረጉ፣ መሪ የያዙ ይመስል ወገባቸውን አቀኑ። ድመቷ ዓሣዋን ነጥቃ ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፍ ተፈተለከች። ሴትዮዋ ተከተለች፤ አልደረሰችም። ደግመው ተጫወቱ፣ አሁንም አልደረሰችም። አያቷ ስለ ድሮ መንገዶች፣ መታጠፊያ ላይ ስለቀደሟቸው ሰዎች ሁሉ እያወሩ ዓሣውን በዓሣ ላይ ቆለሉት። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ጨዋታው አንደኛ ነው፣ ከዚህ በላይ ጨዋታ አላየሁም ብለው ፈረዱ። ከዚህ በፊት ሌላ ጨዋታ አይተውም አያውቁም።

እናቷ የጠዋቱ ትምህርት ቀርቷል አለች። ፌንጣ አሸነፈች።

ሴትዮዋ አንዴም አለመድረሷ ግን አልጣማትም። አያቷ ሲነሱ እሷ ተቀመጠችና ሁለቱን ቀስቶች አንድ ላይ ተጫነች። አልተያዘችም። ሆን ብላ ቀርፋፋ ሆነች፤ አልተያዘችም። አንዱን ቀስት ብቻ ስትጫን ሴትዮዋ ግድግዳው ጋ ደረሰችባት። በሰያፍ ከሄደች ግን ድመቷ ክንፍ ታወጣለች። ከእሷ በቀር ያወቀ የለም። ዝም ብትል ዕረፍቱ የሷ ነው። ግን የማይሸነፉበት ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው? ድመት እያዩ መቀመጥ ነው እንጂ።

ሹልክ ብላ ልታስተካክለው ሞከረች። ድመቷን በጠቅላላ ብታዘገያት አያቷ፣ ይቺ ድመት ታማለች ወይ አሉ። በሰያፍ ስትሄድ ብቻ ፍጥነቷን በግማሽ ብትቀንስ ጭቃ የገባች መሰለች። ትንሽ ጨመረች፣ ትንሽ ቀነሰች። አንዴ በዛ፣ አንዴ አነሰ፣ ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ ዓይኗ ሊነግራት አልቻለም። በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ እህቷን ጠራች።

ሊቋ አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻል ነበር። የእናታቸውን ጠመኔ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ካሬ ሠራች፣ ጎኑ አሥር ሴንቲ። ድመቷ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ላይ በአንድ ጊዜ ትሄዳለች፣ አይደል? ታዲያ መንገዷ ይሄ ነው ብላ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመረች። "ለኪው።"

ፌንጣ ሜትሩን ዘረጋች። ከአሥራ አራት ትንሽ አለፈ።

"ሴትዮሽ አሥር ስትሮጥ ድመትሽ አሥራ አራት ትሮጣለች" አለች ሊቋ። "ፓይታጎረስን ዘንድሮ ተምረሽዋል።"

"ስለ ድመት ነው ያለኝ የለም።"

ሊቋ ቀጥላ ፌንጣ የተዋሰችውን የማባረሪያ ኮድ ከፈተችላት። መሐሉ ላይ፣ ሁለት ቁጥር ለየብቻው በራሱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ስኩዌር ሩት ወጥቶለት ቁጭ ብሏል። ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሒሳብ ተምራ ነበር። ያልተማረችው ድመቷ ብቻ ናት። ፌንጣ ይህን ስታይ መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ያቺን መስመር ለድመቷም ጻፈችላት፣ ራሷ፣ ሳትገለብጥ።

ከዚያ እናቷ ዘንድ ሄዳ የጠዋቱ ትምህርት ይኑር አለች። እናቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ቀና አለች። "ማን ጠየቀሽ? አባባ ፈርደዋል እኮ።"

"ዳኛው ጉቦ በልተዋል። ያበላኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።"

እናቷ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች፤ ለመሳቅ ነው።

አያቷ በአዲሱ ጨዋታ ሲቀመጡ ገና ሁለተኛ ዓሣቸውን ሳያነሱ ጭልፋው ወረደባቸው። ስክሪኑን በግርምት አዩት። ፍሬኑ ተበላሽቷል አሉ። ደግመው ተያዙ፤ ሴትዮዋን ሰደቧት። ሦስተኛው ላይ ከጨዋታው ወጥ ቤት ጠረጴዛ እግር ኋላ ተደብቀው በግማሽ ክንድ አመለጧትና እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ራት ቀርቧል ሲባሉ፣ "አንዴ ብቻ" አሉ። ቀድሞ ይህን ብለው አያውቁም። ፌንጣ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ አሁን ጨዋታ ሆነ አለች በልቧ።

በማግሥቱ ጠዋት ሊቋ እርሳሶቿን ደርድራ፣ የክፍልፋይ ምዕራፍ ገልጣ ጠበቀቻት። ፌንጣ ቃሏን አክብራ ሳታጉረመርም ተቀመጠች። ግን መጽሐፉን በጣቷ ገፋ አደረገች። መጀመሪያ ጭልፋው ይቅደም፤ ሴትዮዋ ስትወረውረው አየር ላይ እየተሽከረከረ መሄድ አለበት፣ እንዴት ነው የሚሽከረከረው?

"እሱ ሳይንና ኮሳይን ነው" አለች ሊቋ። "ሁለት ክፍል ይቀርሻል።"

"ሴትዮዋ እጇን አንስታ ቆማለች እኮ። ሁለት ዓመት ልታቆሚያት ነው?"

ሊቋ ክፍልፋዩን አየች፣ እህቷን አየች። መጽሐፉን ዘግታ ንጹሕ ወረቀት ሳበች።

"በይ ክብ ሥሪ" አለቻት።

ፌንጣ ሠራች። ወደ እንቁላል ያደላ ክብ ነበር፤ ሊቋ ግን መሐሉ ላይ ነጥብ አደረገችና ጀመሩ።