ውበቴ እስክትዳር

ገላው በአካለ ወልድ አራት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሁለቱን ሞጣ ላይ፣ ሁለቱን በገዛ ከተማው በብቸና። ሌላው ሰው ሲያወራ የብቸና ሠራተኞች ቡድን በሞጣ ሠራተኞች ቡድን ተሸነፈ ይላል። ለገላው ግን ነገሩ እንደዚያ ሆኖ ታይቶት አያውቅም። ሜዳ ላይ አሥር ሰው ቢሮጥም ጨዋታው የሁለት ሰው ነበር። ይህንን ተመልካቹም ያውቃል፣ ዳኛውም ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሁለቱ ያውቁታል።

ቅርጫት ኳስን ወደዚያ አገር ያመጣው ሁለት ዓመት አስተምሮ የሄደ አንድ አሜሪካዊ መምህር ነው። ሲሄድ አንድ ኳስ፣ አንድ ፊሽካና በእጁ የጻፈውን የጨዋታ ደንብ ትቶ ሄደ። ቀለበቶቹን አንጥረኛ ከበርሜል ብረት ቀጠቀጣቸው፤ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ሜዳውም ተረግጦ የጠነከረ አፈር ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጥምቀት ሰሞን የሁለቱ ከተሞች ሠራተኞች በጭነት መኪና እየተመላለሱ ይጋጠማሉ።

ገላው የሒሳብ መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወንደላጤ። አካለ ወልድ ደግሞ በሞጣ ክሊኒክ ቁስል የሚያሽግና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር፣ የሟቹ የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ ነው። በቁመት ከገላው አራት ጣት ያህል ያንሳል። ነገር ግን ግራኝ ነው፤ ኳሷን በግራ እጁ ከራሱ በላይ አዙሮ ሲለቃት ከየት እንደ ወጣች አይታወቅም። ከእጁ የሚብሰው ምላሱ ነበር። አራተኛውን ጨዋታ ሞጣ ላይ ካሸነፈ በኋላ ኳሷን አምጥቶ ገላው እጅ ላይ አስቀመጠና ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«መምህር፣ ቁጥር የምታስተምረው አንተ አይደለህም እንዴ? እስቲ ስንት ለስንት እንደ ሆነ ቆጥረህ ንገራቸው» አለው።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ገላው ያንን ሳቅ እስከ ብቸና ድረስ ይዞት ተመለሰ። ዓመት ሙሉ ተማሪ ሳይገባ በማለዳ እየተነሣ፣ ብርዱ ጣቱን እያቆረፈደው፣ ብቻውን ሜዳ ላይ ሲዘልና ሲወረውር ከረመ። ስለ አካለ ወልድ የሚያወራ ሰው ሲያገኝ መንገድ ይቀይራል።

በጥር ወር 1962 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ሞጣዎች ብቸና መጡ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ወትሮው ነበር፤ አካለ ወልድ ሦስት ጊዜ በግራ እጁ አገባ፣ ሦስት ጊዜም ወደ ገላው እያየ ሳቀ። ከዕረፍት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አካለ ወልድ መሮጡን ተወ። ኳስ ሲቀበል እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ይቆማል፣ ገላው ሲያልፈው አይከተለውም። ገላው በላዩ ላይ እየዘለለ አገባበት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስምንት ጊዜ። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ሠራ አለ በልቡ። ፊሽካው ሲነፋ ብቸና ሠላሳ ስምንት ለሠላሳ አንድ አሸንፏል።

ሰው በትከሻው ሊሸከመው ሲሻማ ገላው መጀመሪያ የሄደው ወደ አካለ ወልድ ነው። ኳሷን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣

«እንግዲህ አንተ ቁጠርላቸው» አለው።

አካለ ወልድ አፉን በመሐረብ ይዞ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከሕዝቡ መሀል ወጣ። ገላው የጠበቀው ስድብ ነበር፤ ዝምታው ከነከነው። ሰዎቹ ከትከሻቸው ሲያወርዱት ፈልጎት ሄደ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘው። መሐረቡ ቀልቷል።

«ምን ሆንህ? በክርኔ መታሁህ?»

«ጥርሴ ነው» አለ አካለ ወልድ። ወዲያው ሳል ያዘውና ሌላ ደም መጣ። ሳሉ ሲለቀው ቀና ብሎ አየው። «ሳንባዬ ነው። ከመስከረም ጀምሮ አውቀዋለሁ። በየቀኑ በሰው ደረት ላይ ስሰማው የምውል ሰው የራሴ እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ተጫወትህ?»

«ብቀር ምን ትል ነበር?»

ገላው እውነቱን ተናገረ። «ፈራኝ እል ነበር።»

«ይኸውልህ።»

ገላው አጠገቡ ተቀመጠ። ያሸነፈው በሽተኛ ሰው መሆኑ ገባው፤ ከሜዳው የሚመጣው ዘፈን አሳፈረው። አካለ ወልድ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና ክንዱን ያዘው።

«ለማንም አትናገር። እኅቴ ውበቴ ታጭታለች፤ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። የሳንባ በሽተኛ ያለበት ቤት ነው ከተባለ የእጮኛዋ ቤተሰቦች በዚያው ቀን ነው የሚያፈርሱት። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት የለም። እሷን ሸኝቼ፣ በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄጄ እተኛለሁ። ማልልኝ።»

«እስከዚያ ትቆያለህ?»

«እኔ ነኝ ሐኪሙ ወይስ አንተ? ማልልኝ አልሁህ።»

ገላው በእናቱ ማለለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ገላው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት የጭነት መኪና እየለመነ ሞጣ መውረድ ጀመረ። በመጀመሪያ የወሰደው ሐፍረት ነበር፤ ቆይቶ ግን ናፍቆት ሆነ። ገላው ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ያወራው ሰው አልነበረም። አካለ ወልድ ሜዳው ጠርዝ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥና ያንን የግራ እጅ ውርወራ ያስተምረዋል። «ክርንህን አታጥፍ! ቀለበቱን እንጂ ኳሷን ለምን ታያለህ? ምን ዓይነት ደነዝ ነህ አንተ!» እያለ ይሰድበዋል። ገላው ይስቃል፤ ድሮ ያቃጥለው የነበረው ምላስ አሁን ካልሰማው የማይሞላለት ነገር ሆነ።

የአካለ ወልድ እናት እመት ፈንታነሽ ገላውን እንደ ልጃቸው ተቀበሉት። ገበታ ሲቀርብ ያጎርሱታል፣ ሲተኛ ያለብሱታል። ልጃቸው ግን ከገበታው አይቀርብም። ስለት አለብኝ ይላል፤ ቀጥሎ ጾሙ ሲገባ እስከ ማታ እጾማለሁ አለና በራሱ ሳህን ለብቻው መብላት ጀመረ። አልጋውንም ወደ ውጭው ጎጆ አወጣ፤ ዳዊት ለመድገም ይመቸኛል ብሎ። እመት ፈንታነሽ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

«አየህ ልጄ» አሉት ገላውን አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ «የአባቱ ጠባይ መጣለት። ድቁናውን ሲተው ስንት አልቅሼ ነበር!»

ገላው አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ።

ጎጆው ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ለመነው። «ክሊኒክህ ውስጥ መድኃኒቱ አለ አይደል? ወስደህ ተወጋው።»

«በበሽተኛ ስም ነው የሚመጣው። ለእኔ ስወስድ የማን ይጎድላል? የኔን ስም ካጻፍሁ ደግሞ ከተማው ሁሉ በሳምንቱ ያውቀዋል።» ፈገግ አለ። «ትንሽ ነው የቀረው። አትነዝንዘኝ።»

ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። ገላው እንደ ሰፋው አየ።

ፋሲካ አልፎ ሠርጉ ደረሰ። አካለ ወልድ የዚያን ዕለት ሌላ ሰው መሰለ። እንግዳ ተቀበለ፣ ጨፈረ፣ ጉንጩ በትኩሳት ቀልቶ ያየው ሁሉ ደስታ ነው አለ። ውበቴን አቅፎ በቅሎዋ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። ሙሽሮቹ ከዓይን ሲርቁ ገላው ከጀርባው መጥቶ ያዘው፤ ከጥብቆው ሥር የተሰማው አጥንት ብቻ ነበር።

«በቃ። ነገ እንሄዳለን።»

«መልሱ ይለፍ። እኅቴ በመልሷ ቀን ልታጣኝ ነው?»

መልሱ አለፈ። ክሊኒኩ ሰው የለውም አለ። ግንቦት አለፈ፤ እናቴን ደኅና ቀን ጠብቄ ልንገራት አለ። ገላው ያኔ ነው የገባው። ሰውየው ለራሱ ማወቅ የሚገባውን አውቆ ጨርሷል፤ ሌላ ሐኪም አፍ አውጥቶ እንዳይነግረው ነው የሚሸሸው። ለእመት ፈንታነሽ መንገር ነበረበት። ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጊዜም በእናቱ መማሉ ትዝ አለውና ዘጋው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር መሐላው ብቻ አልነበረም። ከነገራቸው አካለ ወልድ ፊቱን እንዳያዞርበት ፈርቶ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። መኪና ከብቸና አልፎ ወደ ሞጣ የሚሄድበት መንገድ ጭቃ ሆነ። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ከአካለ ወልድ የተላከ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞለት መጣ። ውስጡ «ና» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለበትም።

ገላው በእግሩ ተነሣ። ደብረ ወርቅ አደረ፣ ግንደወይን አደረ፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ሞጣ ሲገባ እግሩ ደምቶ ነበር። ጎጆው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከሳምንት በፊት አካለ ወልድ ክሊኒክ ውስጥ በሰው ፊት ደም ተፍቶ ወድቋል፤ ምሥጢሩ በዚያው ወጥቷል።

የክሊኒኩ ኃላፊ በሩ ላይ ያዘው። «መንገድ ቢኖርም በቃሬዛ የሚነሣ ሰው አይደለም። ሁለቱም ሳንባው አልቋል» አለው። «ጥር ላይ ሕክምናውን ጀምሮ ቢሆን ዛሬ ድኖ ይሄድ ነበር። ከእኔ ጋር እየዋለ እንዴት እንደ ደበቀኝ እንጃ።»

ገላው ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አካለ ወልድ ዓይኑን ገለጠ፤ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሸነፍኸኝ።»

«እሷንም አልቆጥራትም» አለ ገላው።

«ቁጠራት። በሚገባ ነው የተጫወትኸው።» ትንሽ ዐረፈ። «ፈራሁ፣ ገላው። ከሠርጉ በኋላ ምክንያቴ አለቀብኝ። ለምን ጎትተህ አልወሰድኸኝም?»

ገላው እጁን ያዘው፤ ያቺ ግራ እጅ እንደ ወፍ ቀልላ ነበር። በማግስቱ ጧት፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ አካለ ወልድ ሞተ።

ከቀብር ሲመለሱ እመት ፈንታነሽ ገላውን አጠገባቸው አስቀመጡት። ውበቴ ከባሏ ቤት መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ» አሉ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ከእኔ ጋር መብላት የተወው... ስለት አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አመሰገንሁ።» ሳይቆጡ፣ ልክ እንደ ደከመ ሰው ተናገሩ። «ስንት ጊዜ እዚህ ቤት መጣህ? ስንት ጊዜ በእጄ አጎረስሁህ? አንዲት ቀን በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ልጂቱን አስቀራት ነበር። ሴት ልጅ ሳትዳር ብትቀር ትሞታለች?»

«በእኔ ነው?» አለች ውበቴ ከጥጉ። «ለእኔ ሠርግ ብሎ ነው?»

ገላው ሊያጽናናት ፈለገ፤ የሚላት ሁሉ ውሸት ሆኖ ታየውና ተወው። እመት ፈንታነሽ አላስወጡትም፣ አልረገሙትም። ለመንገዱ ስንቅ ቋጥረው ሰጡትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሲመለስ ግንደወይን ላይ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለው። ጥሩአየሁ የምትባል ባለ ማደሪያ እግሩን ለማጠብ ውኃ አሙቃ አቀረበችለት።

«በዚህ ክረምት ምን ጉዳይ ገጠመህ፣ ወንድሜ?»

«ሰው ሞቶብኝ ነው።»

«እኔን! ምንህ ነው?»

ገላው ቃሉን ፈለገ። «ባልንጀራዬ።»

«ታሞ ነው ወይስ ድንገት?»

እግሩን ውኃው ውስጥ እንደ ነከረ ቆየ። መሐላው ከሟቹ ጋር ተቀብሯል፤ የሚደበቅ ነገር አልቀረም፤ ሞጣ ሁሉ አውቆታል። ሆኖም ታሞ ነው ቢላት ቀጥሎ ለምን አልታከመም ትለዋለች፤ ያንን ለመመለስ ሠርጉንም ውበቴንም ማንሣት ሊኖርበት ነው።

«ድንገት» አላት።

ጥሩአየሁ ከንፈሯን መጠጠችና ውኃ ልትጨምር ተነሣች። ወንዙ የጎደለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።