ያቺ የምትሠራ ሶኬት

ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው። የይለፍ ቃሉን ይቀበለኛል፣ «ተገናኝቷል» ይለኛል፣ ከዚያ ጭልም! ከጠዋት ጀምሮ ስታገለው ወገቤ ተቆረጠ።

ነገ ጠዋት ውጤቱን ለአማካሪዬ በኢሜይል ካላስረከብኩ ከዶክትሬት ትምህርቴ እሰረዛለሁ። ደጋግመው አራዝመውልኛል፤ ከእንግዲህ የለም ብለዋል። ስሌቱ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ሲፈጭ ከርሞ ዛሬ ማታ ነው የሚያልቀው፤ ውጤቱን የማወጣውም ከቤት ሆኜ በላፕቶፔ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ነው። እዚያው ሄጄ እንዳልጠብቀው አባዬን ለማን ትቼ? ሳንባው ከታመመ ወዲህ ትንፋሽ ሲያጥረው የኦክስጅን ማሽኑን የምሰካለት እኔ ነኝ። የምሰካውም ላፕቶፔን ነቅዬ ነው፤ በዚህ ጉደኛ ቤት የምትሠራው ሶኬት አንዲት ብቻ ናት። ማከፋፈያ ገዝቼ ሁለቱን አንድ ላይ ብሰካቸው የቤቱ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ አባዬ ሲያስል እጄ ሳላዘው ላፕቶፑን ያጠፋል፣ ይነቅላል፣ ማሽኑን ይሰካል።

የሰርቨሩ ቴክኒሻን ስልክ ላይ ነው። እረፍት ስለሆነ ህንፃው ተቆልፎ እሱም ዘመዶቹ ጋ ሄዷል።

«እህቴ፣ አትጩሂብኝ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልሳቅ?»

«በይ፣ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ። እንደኔው ሁሉንም መቀየር ትችያለሽ። ያልኩሽን መስመር ጻፊና እንደገና ግቢ።»

ጻፍኩ። ገባሁ። እሰይ! የሰርቨሩ ዴስክቶፕ የላፕቶፔን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ስሌቱ እየሄደ ነው፤ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

«አሁን ላፕቶፕሽ ቢጠፋም ግድ የለም፣ ሥራው እዚያው ይቀጥላል» አለኝ። «ሰርቨሩ ራሱ እንዳይጠፋ ብቻ። ሳይጨርስ ምንም አያስቀምጥም፤ ከጠፋም ማስነሻው እዚያ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነው።»

«ኧረ ተባረክ ወንድሜ!» እንባዬ መጣ።

ያኔ አባዬ ማሳል ጀመረ። ሳሉ አላቋርጥ አለው፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

«መጣሁ አባዬ፣ መጣሁ!»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጫንኩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ገመዱን ይዤ እስኪጠፋ ጠበቅኩ።

ላፕቶፑ አልጠፋም። የሰርቨሩ ዴስክቶፕ ተዘጋና ከኋላው የራሴ ብቅ አለ፣ አባዬ ሳይታመም የተነሳው ፎቶ ያለበት። ያጠፋሁት ሰርቨሩን ነው። ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!

አባዬ ሲያቃስት ሰማሁ። ገመዱን ነቀልኩና ማሽኑን ሰካሁለት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፤ «እህቴ? ሰርቨሩ ከመስመር ወጣብኝ እኮ! ምን ነካሽ? ሃሎ?»

አባዬ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጭምብሉን እንዳደረገ በጣቱ ላፕቶፑን አሳየኝ፤ በእሱ ምክንያት ሥራዬ መቋረጡ ሁሌም ይከነክነዋል።

«አታስብ አባዬ» አልኩት ጭምብሉን እያስተካከልኩለት። «አሁን እኮ ይሄ ቢጠፋም ሥራው እዚያው ይቀጥላል።»

እጄን ጨበጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።