የወይራው ማኅተም

ቀናው መሮ የጨበጠው ሬዲዮ ላለመስማት ብሎ ነው።

ጊዜው 1969 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ያኔ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ በትኬት ቆራጭነት አሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚስቱ አቻምየለሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ልጅ የላቸውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሬዲዮኑን ከፍቶ መቀመጥ የቀናው የቆየ ልማድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ሬዲዮኑ የሚያወራው እርምጃ ስለተወሰደባቸው ሰዎች ሆነ። አንድ እሑድ የሚያውቀውን ስም ሰማ። በየሳምንቱ ወደ ናዝሬት የሚመላለስ፣ ሁልጊዜ የመስኮት ጥግ እንዲሰጠው የሚለምን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀናው ተነሥቶ ሬዲዮኑን ዘጋ፤ ጨርቅ ጣለበትና እጁን የሚያስገባበት ሥራ ፍለጋ ከቤት ወጣ።

እግሩ ወንዙን አሻግሮ ኦቦ ቡልቻ ደጅ አደረሰው። ኦቦ ቡልቻ በርጩማ እየጠረቡ ገበያ የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ቆየ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አሉት በመጨረሻ።

"ሥራውን ቢያስተምሩኝ ብዬ ነው።"

"ልትሸጥ?"

"የለም። እንዲያው ለእጄ ማፍታቻ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "ያለ ዋጋ መድከም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው" ብለው አንድ አሮጌ መሮና የዋንዛ ቁራጭ ወረወሩለት።

የመጀመሪያው ማንኪያ ወጥ የማይዝ ጠፍጣፋ ነገር ሆነ። በሁለተኛው አውራ ጣቱን ቆረጠ። ኦቦ ቡልቻ ደሙን አይተው እንጨቱን ተቀበሉትና በጥፍራቸው መስመሩን አሳዩት። "ይኸ ጅማቱ ነው። አብረኸው ሂድ። ካቋረጥከው ይሰነጠቃል" አሉት።

ክረምቱ ሲገባ ቀናው ማንኪያ፣ ሚዶ፣ የጨው ማስቀመጫ ይሠራ ጀመር። ከሥራ ሲወጣ አንዳንዴ ሳይበላ መሮውን ያነሣል። አቻምየለሽ መጀመሪያ "ቤቱን ፍቅፋቂ በፍቅፋቂ አደረግኸው" ብላ ተቆጣች፤ በኋላ ግን ባሏ ከተቆራረጠ እንቅልፉ ሲድን አይታ ተወችው። ፊደል መቅረጽ ሲጀምርም ስሟን በክር ሣጥኗ ክዳን ላይ አወጣላት። ክዳኑን ፋብሪካ ይዛ ሄዳ ለጓደኞቿ አሳየች። ያ ነው ወሬውን ያወጣው።

በመስከረም 1970፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ገብረጻድቅ ሳያንኳኳ ግቢው ገባ።

ገብረጻድቅ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ከዚያ በፊት የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሰው ሲያስወስድ እንኳ አይጮህም። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቀናው በሠራው በርጩማ ላይ ተቀመጠና በእጁ ዳሰሰው።

"ጎበዝ እጅ አለህ ጓድ ቀናው" አለ።

"መጫወቻ ነው ጓድ። ለትርፍ ጊዜ ያህል ነው።"

"ለአብዮቱም ትርፍ ጊዜ አይጠፋህም።" ከኪሱ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ዘረጋ፤ ከግርጌው የቀበሌው ክብ ማኅተም አርፎበታል። "ይኸን በትሪ ልክ ቀርጸህ ለጽሕፈት ቤቱ በር ታደርስልኛለህ። አንዲት ፊደል እንዳትስት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር ገብረጻድቅም ይመጣል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ የቀናውን እጅ ያያል። ሻይ ሲያቀርቡለት ይጠጣል፤ ብዙ አይናገርም። ጎረቤቱ እሑድ ከሰዓት በዚያ አጥር በኩል ማለፍ አቆመ። አቻምየለሽ ሰውየው ከወጣ በኋላ የጠጣበትን ብርጭቆ ሁለቴ ታጥባለች።

በዚያው ግቢ የኋላ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ያለምወርቅ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ወንድሟ ከታሰረ ሁለት ወር ሆኖታል። ኅዳር ላይ አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ከክፍል ተጠርታ ወጥታ አልተመለሰችም። በማግስቱ ቀትር ላይ ያለምወርቅ ወደ ቀናው መጥታ ቆመች። ደብዳቤው ከእንጨቱ አጠገብ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀምጧል። እሷ የምታየው ደብዳቤውን ነው።

"ጋሼ ቀናው፣ የይለፍ ወረቀት በታይፕ ጽፌያለሁ። የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው።"

ቀናው ዙሪያውን ተመለከተ። "ልጄ፣ የምትዪውን ታውቂዋለሽ?"

"ቀጥሎ የሚጠሩት እኔን ነው። አዋሽ አክስት አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ አውቃለሁ።"

"አልችልም። እኔ ማንኪያ ነው የምሠራ።"

ያለምወርቅ አልለመነችም። አንገቷን ደፍታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያ ነገር ቀናውን ከልመና ይልቅ ከበደው። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ የደረቀ የወይራ ቁራጭ መረጠ፤ ዋንዛ ለደቃቅ ፊደል አይሆንም። ለሦስት ቀን ከሥራ መልስ፣ አቻምየለሽ በሩ ላይ ልብስ እያጠበች መንገዱን ስትጠብቅለት፣ የተገለበጡትን ፊደላት አንድ በአንድ አወጣቸው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የቀን ማኅተም ሲመታ ስለኖረ የተገለበጠ ጽሑፍ አልቸገረውም። አራተኛው ቀን ላይ በጣቢያው ቀለም ወረቀቷ ላይ መታላት። ማኅተሙንም ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

በማግስቱ ጠዋት ያለምወርቅ ትኬት መስኮቱ ላይ እንደማንኛውም መንገደኛ ቀረበች። አጠገቧ ሁለት ጥበቃዎች ቆመዋል። አንደኛው ወረቀቷን ተቀብሎ ፊት ለፊት አየው፤ ገልብጦም ባዶውን ጀርባ አየ።

"ለምን ጉዳይ?"

"አክስቴ ታማለች።"

ጥበቃው ወረቀቷን መለሰላት። ቀናው ትኬቷን ቆርጦ ሰጣት። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ገብረጻድቅ እሑድ መጣ። የሚቀጥለውም እሑድ መጣ። ስለ አስተማሪዋ አንድም ነገር አልጠየቀም፤ የተቆለፈውን ክፍሏን እያየ ሻዩን ጠጣ። በሦስተኛው እሑድ ግን፣ "ትንሽ አድርጎ መቅረጽ ይከብዳል?" አለ።

ቀናውን መሮው አዳለጠው። "ምኑን ጓድ?"

"ማንኛውንም ነገር።"

"ይከብዳል። ዓይን ይፈልጋል።"

"እህ" አለ።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ሐሙስ ቀን መጥቶ አያውቅም። የግቢውን በር ከኋላው ዘጋው፤ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶም እንጨቱ ላይ አኖረው። የያለምወርቅ የይለፍ ወረቀት ነበር።

"እሷ አልፋለች፤ ወረቀቷን ግን ደብረ ዘይት ላይ ሰብስበው ለማጣሪያ ላኩልን" አለ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። "መዝገቡ ላይ የለም። እኔም አልፈረምኩም። ማኅተሙን ልብ ብለህ እየው። ይቺን ታያታለህ?"

ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ክቡን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቃዋለች። የላስቲክ ማኅተም እንዲህ ያለ መስመር አያወጣም። የወይራው ጅማት ነበር።

ቀናው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቻምየለሽ ከቤት ወጥታ አጠገቡ ቆመች። "እሷ የለችበትም" ሊል ፈልጎ ነበር፤ ገብረጻድቅ ቀደመው።

ገብረጻድቅ ግን ጠመንጃውን አላነሣም። "ይኸን ከኔ በቀር ያየው የለም" አለ። "ከኔ ጋር የነበሩት ሦስቱ በዚህ ሳምንት ታስረዋል። አብዮት ቀለበሳችሁ ተብለው። ነገ ከነገ ወዲያ እኔ ነኝ። የኛ ማኅተም ታግዷል፤ አሁን የሚያሳልፈው ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛው ማኅተም ብቻ ነው።" የከፍተኛው ማኅተም ያረፈበት ሌላ ደብዳቤ አወጣ። "ይኸውልህ። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር አለ።"

ያን ሁሉ እሑድ ሲመጣ እጁን ሲያይ የነበረው ለዚህ ኖሯል። ቀናው አሁን ገባው።

"እምቢ ካልኩስ ጓድ?"

"እምቢማ ካልክ" አለ ገብረጻድቅ፣ የያለምወርቅን ወረቀት አጣጥፎ ወደ ደረት ኪሱ እየመለሰ፣ "አብረን ነዋ የምንሄድ።"

ሲወጣ አቻምየለሽ ባሏን፣ "ሥራለት። ይሂድልን" አለችው። ወዲያው ገብታ የሰም ቁራጭ አምጥታ እንጨቱ አጠገብ አኖረች። "ስንጥቁን በዚህ ድፈነው" አለችና ለማታ ፈረቃ ወጣች።

ቀናው ዓርብ ታምሜያለሁ ብሎ ከሥራ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ቀረጸ። ሲጨርስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከረው። ፊደላቱ አንድ አልሳቱም፤ ክቡም ክብ ነው። ነገር ግን በታችኛው ጠርዝ፣ ሁለት ፊደላትን አቋርጣ፣ ያቺ ነጭ መስመር ወጥታለች። ሰሙን አነሣ። ትንሽ አሙቆ በጣቱ ቢጠቀጥቀው የሚያበቃለት ነገር ነው።

የመስኮት ጥግ ይለምነው የነበረው ሰው ትዝ አለው። ያንን ሰው ከቤቱ ያወጣው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የያለምወርቅ ወንድምም ትዝ አለው። ሰሙን እንደያዘ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት መለሰው።

ገብረጻድቅ አመሻሹ ላይ መጣ፤ ወረቀቱን አስመትቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። መሽቶበት ነው ወይም ችኮላው አሳውሮት፣ መስመሯን አላየም። የአስተማሪዋን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ራሱ ምድጃው ውስጥ ከተተው።

"ቃሌ ቃል ነው" አለ። "እግዜር ይስጥህ ጓድ ቀናው።" እግዜርን ሲጠራ ቀናው ያን ቀን ብቻ ነው የሰማው።

ያ ቃል ቀናውን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛውም። ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ላይ የቀረበው ገብረጻድቅ ጠመንጃ የለውም፤ አሮጌ ካፖርት ለብሷል፤ አንድ ተራ ገበሬ ይመስላል። ቀናው ትኬቱን ሲያቀብለው "ቆይ" ሊለው አፉን ከፈተ። ከኋላ ሰልፈኛው ገፋ። ገብረጻድቅ ትኬቱን ይዞ ወደ ባቡሩ ሄደ።

ሞጆ ላይ አወረዱት። ሰኞ በመልስ ባቡር፣ ክርኑን ወደ ኋላ ታስሮ፣ በሁለት ወታደሮች መካከል አቃቂ ወረደ። መንገዱ በትኬት መስኮቱ ፊት ነው። ገብረጻድቅ ከመስኮቱ ትይዩ ሲደርስ ቆም አለ። ቀናውን አየው፤ ዝቅ ብሎም እጁን አየ። አሁን ይናገራል ብሎ ቀናው ጠበቀ። ወታደሩ በሰደፍ ገፋውና አለፉ።

ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው። አቻምየለሽ የመሮውን እጀታና የተጀመረውን ትልቁን ቅርጽ ሳይቀር ፈልጣ አነደደችው። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀናው ጫማውን ፈልጎ ያጠልቃል፤ ባዶ እግሩን መወሰድ አልፈለገም። በአሥራ አንደኛው ቀን ገብረጻድቅ በእስር ቤት መሞቱ ተሰማ። ተናግሮ ይሁን ሳይናገር፣ የነገራቸው የለም። የሚወስደው ሰው አልመጣም።

በዚያው ዓመት ቀናው ዝውውር ጠይቆ መተሐራ ተመደበ። አቻምየለሽ ሥራዋን ለቃ ተከተለችው። ሙቀቱን ለመዱት። እሱ ቢላ የሚያነሣው ሽንኩርት ለመላጥ ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እንግዳ ሰው ትኬት መስኮቱ ላይ መጣ። ቀጭን ነው፤ ድምፁም እንደ ገብረጻድቅ ዝግ ያለ።

"አቃቂ የነበረው፣ እንጨት ይቀርጽ የነበረው ቀናው አንተ ነህ?"

"እንጨት?" አለ ቀናው። እጁን ከመስኮቱ ሥር አወረደ። "እኔ ትኬት ነው የምሸጠው።"

"ወንድሜ ሊሄድ ሲል ጽፎልኝ ነበር። 'አንድ ባለውለታ አለኝ' ብሎ። ባገኘው ላመሰግነው ብዬ ነው።"

ቀናው አይደለሁም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ፊቱን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ አንድ ትኬት ገዝቶ ሄደ።

ማታ ቀናው እራት ቀርቦለት አልነካም። "ያኔ ሰሙን አላደረግሁበትም" አላት ሚስቱን፣ ሦስት ዓመት ከያዘው በኋላ።

አቻምየለሽ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። "አውቃለሁ" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ ሰሙ ሳይነካ እንዳለ አገኘሁት። ባቡሩ ገና አልተነሣም ነበር። ሮጬ ልደርስበት እችል ነበር።"

ውጭ የጭነት ባቡር እያለፈ ነበርና መስኮቱ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቆየ።